የድሮ የቤት መኪናን ማፍጠን፦ ከምን ተጀምሮ በምን ቅደም ተከተል

ሚኒ እ.ኤ.አ. በ1959 ለገበያ ስትቀርብ 848 ሲሲ ሞተር የተገጠመላት ርካሽ የቤተሰብ መኪና ነበረች። በ1961 የእሽቅድምድም መኪና ሠሪው ጆን ኩፐር እጁን ሲያስገባባት ሞተሯ ወደ 997 ሲሲ አደገ፤ የፊቱ የታምቡር ፍሬንም በዚያው ወጥቶ በዲስክ ተተካ። ስለ ሞተሩ የሚያወራ ብዙ ነው፣ ፍሬኑን የሚያነሳ ግን ጥቂት። ከእሷ የተወለደችው ኩፐር ኤስ የሞንቴ ካርሎን ራሊ በ1964፣ በ1965 እና በ1967 ስታሸንፍ ከተፎካካሪዎቿ መካከል በጉልበት በብዙ የሚበልጧት ነበሩ።

ይህ መመሪያ ሃያና ሠላሳ ዓመት ያገለገለች የቤት መኪና ይዘው በትርፍ ጊዜያቸው ሊያሻሽሏት ለሚፈልጉ ነው። የምከተለው ቅደም ተከተል አንድ ነው፦ መጀመሪያ ጤና፣ ከዚያ ፍሬን፣ ከዚያ ጎማና ሞላ፣ ከዚያ ክብደት፣ ጉልበት መጨረሻ። አብዛኛው ሰው ከመጨረሻው ይጀምራል። ማርሚታ ያስቀይራል፣ ድምፁ ያምራል፣ መኪናዋ ግን እንደነበረች ናት። ቅደም ተከተሉን የጠበቀ ሰው ሞተሩን ገና ሳይነካ ፍጹም ሌላ መኪና ይነዳል።

ከመጀመራችሁ በፊት

የምትኖሩበትን አገር የተሽከርካሪ ሕግ አንብቡ። ሞተር መቀየር፣ መኪናዋን ዝቅ ማድረግ፣ የጭስ ማጣሪያውን ማውጣትና ድምፅ መጨመር በብዙ ቦታ ፈቃድ የሚጠይቁ ወይም የተከለከሉ ናቸው። ኢንሹራንስ ሰጪያችሁም ለውጡን ማወቅ አለበት፤ ያልተነገረ ለውጥ በአደጋ ቀን ካሳ ሊያስከለክል ይችላል።

ሥራ የምትሄዱባት ብቸኛ መኪናችሁ ከሆነች አስቡበት። የትርፍ ጊዜ ሥራ ይጓተታል፣ ዕቃ ይዘገያል፣ ሰኞ ጠዋት መንዳት ያለበት ሰው ደግሞ እሑድ ማታ ተቻኩሎ ይገጥማል። ተቻኩሎ የተገጠመ ፍሬን የሚያስከትለውን መናገር አያስፈልግም።

የመኪናዋን የጥገና መጽሐፍ ፈልጋችሁ ያዙ። ከዚህ በታች የምሰጣቸው ቁጥሮች አጠቃላይ ናቸው፤ የእናንተ መኪና ቁጥር ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ከመሣሪያ ጥሩ ክሪክ፣ ሁለት ጠንካራ ካቫሌቶ (የተነሳች መኪና የሚያርፍበት መደገፊያ)፣ ቶርክ ሬንች (ብሎን በተለካ ኃይል የሚያጠብቅ መፍቻ)፣ የኮምፕሬሽን መለኪያ (ሲሊንደሩ አየሩን ምን ያህል እንደሚጨምቅ የሚያሳይ)፣ መልቲሜትርና የማብሪያ ጊዜ (ካንዴላው ብልጭታ የሚሰጥበት ቅጽበት) መለኪያ መብራት ይበቃል። እሳት ማጥፊያ ከአጠገባችሁ አይጥፋ። በክሪክ ብቻ ከተነሳች መኪና ሥር ለአንዲት ደቂቃም ቢሆን አትግቡ።

ሞተሩን መርምሩ

ያረጀ ሞተር ላይ ጉልበት መጨመር ማለት የደከመውን ክፍል ቶሎ መስበር ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ የኮምፕሬሽን ምርመራ ነው፤ ከሰዓት በኋላ የሚያልቅ ሥራ ሆኖ ስለ ሞተሩ ከማንኛውም ሌላ ሙከራ የበለጠ ይነግራችኋል።

ሞተሩን አሙቁትና አጥፉት። ካንዴላዎቹን በሙሉ አውጡ፤ የትኛው ከየትኛው ሲሊንደር እንደወጣ እንዳይጠፋባችሁ በተራ ደርድሯቸው። የቦቢናውን (ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን) መስመር ንቀሉ፣ የነዳጅ ፓምፑንም አቋርጡ። መለኪያውን በመጀመሪያው ካንዴላ ቀዳዳ ግጠሙ። ረዳታችሁ የነዳጅ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ረግጦ ይዞ በማስነሻው ሞተሩን ያዙረው፤ ቀስቱ ከፍ ማለት እስኪያቆም ድረስ ከአምስት እስከ ስድስት ጊዜ መጭመቅ ይበቃል። ቁጥሩን ጻፉና ወደሚቀጥለው እለፉ።

ጤነኛ የቤንዚን ሞተር ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ባር (የግፊት መለኪያ) ያሳያል። ከቁጥሩ ከፍታ ይልቅ የሚያሳስበው በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። 12፣ 12፣ 11.5፣ 12 ያሳየ ሞተር ደህና ነው። 12፣ 12፣ 8፣ 12 ያሳየ ግን ሦስተኛው ሲሊንደር ላይ ችግር አለበት። ያን ጊዜ በዚያ ሲሊንደር ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምሩና ደግማችሁ ለኩ። ቁጥሩ ከፍ ካለ የፒስተን ፋሻው አልቋል፤ ካልተነቃነቀ ቫልቩ በደንብ አይዘጋም። ሁለት ጎን ለጎን ያሉ ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ በመካከላቸው ያለው የቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) መቃጠሉን ጠርጥሩ።

ካንዴላዎቹንም ተመልከቱ። ቡናማ ወይም ግራጫማ ጫፍ ጤና ነው። ጥቁርና ደረቅ ጥላሸት የበዛ ቤንዚን ምልክት ነው፣ ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ዘይት እየገባ ነው፣ ነጭ ሆኖ ከተቃጠለ ደግሞ ቤንዚን ያንሳል ወይም ሙቀቱ ይበዛል።

ቀጥሎ ማቀዝቀዣው። ሞተሩ በቀዘቀዘበት ሰዓት የራዲያተሩን ክዳን ክፈቱ፤ በሞቀ ሞተር ላይ ፈጽሞ አትክፈቱ። ዝገት የመሰለ ውሃ ካለ መስመሩ ይታጠብ፣ የደረቁና ያበጡ ላስቲኮች ይቀየሩ። ስለ ቴርሞስታት አጥብቄ የምናገረው አለኝ፦ «ሞተሩ እንዳይሞቅ» ተብሎ ቴርሞስታቱ የወጣበት መኪና ከገጠማችሁ መልሳችሁ አስገቡለት። ያለ እሱ ሞተሩ ወደ ሥራ ሙቀቱ ለመድረስ ይዘገያል፣ ቤንዚን ያባክናል፣ ሲሊንደሮቹም ቶሎ ይበላሉ። ያለ ምክንያት የሚሞቅ ሞተር የለም፤ ምክንያቱ ይፈለግ።

በመጨረሻ ከታንከሩ እስከ ሞተሩ ያለውን የነዳጅ ጎማ ቱቦ በሙሉ በእጃችሁ ዳስሱ። የተሰነጠቀ ወይም የደረቀ ካለ ያንኑ ቀን ይቀየር። የድሮ መኪና እሳት ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከዚህ ነው።

የጠፋውን ጉልበት መመለስ

አንድ የቤት መኪና ከፋብሪካ ስትወጣ 75 የፈረስ ጉልበት ከነበራት፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ያ ሁሉ እዚያው አለ ማለት አይደለም። የተበላ የካንዴላ ገመድ፣ የላላ የነዳጅ ሽቦ፣ የተዛባ የቫልቭ ክፍተትና የዘገየ ማብራት እየተጠራቀሙ ብዙ ይወስዳሉ። በአብዛኛው መኪና ላይ ትልቁና ርካሹ ጭማሪ ይህን መመለስ ነው።

በጣም ቀላል ከሆነው ጀምሩ። አንድ ሰው ፔዳሉን እስከ ወለሉ ይርገጥ፣ እናንተ ኮፈኑን ከፍታችሁ የአየር መግቢያው በር ሙሉ በሙሉ መከፈቱን ተመልከቱ። ሽቦው ረዝሞ ወይም ምንጣፉ ፔዳሉን ይዞት በሩ እስከ ሦስት አራተኛ ብቻ የሚከፈትባቸው መኪኖች ጥቂት አይደሉም።

የቫልቭ ክፍተቱን በመጽሐፉ ቁጥር አስተካክሉ። ካንዴላ፣ የካንዴላ ገመድ፣ የዲስትሪቢዩተር (ብልጭታውን ለየካንዴላው የሚያከፋፍል ዕቃ) ክዳን፣ የአየርና የቤንዚን ፊልትሮ አዲስ ይግቡ።

አሁን የማብሪያ ጊዜውን ማስተካከል። ዲስትሪቢዩተራቸው በእጅ ለሚዞር መኪኖች አካሄዱ እንዲህ ነው። ከሞተሩ ፊት ባለው ፑሊ ላይ ያለውን ምልክት ፈልጋችሁ አጽዱና ነጭ ቀለም ቀቡት። ሞተሩን አሙቁ። ወደ ዲስትሪቢዩተሩ የሚሄደውን የቫኩም ቱቦ ንቀሉና አፉን ድፈኑ። የመብራቱን መያዣ በአንደኛው ሲሊንደር ገመድ ላይ አድርጉ፣ ሞተሩ በሚኒሞ (ፔዳል ሳይረገጥ በዝቅተኛ ዙር) እየሠራ መብራቱን ወደ ምልክቱ አነጣጥሩ። የዲስትሪቢዩተሩን ብሎን ትንሽ አላልታችሁ፣ ምልክቱ መጽሐፉ ከሚለው ዲግሪ ላይ እስኪደርስ በዝግታ አዙሩ። ብሎኑን አጥብቁና ደግማችሁ ለኩ፤ ሲጠብቅ ይንሸራተታልና። በዚህ ሁሉ ጊዜ እጃችሁና የልብሳችሁ እጅጌ ከፋኑና ከቺንጋው ይራቅ።

ከዚያ ሞተሩን ከ3000 ዙር በላይ አድርጉና ዲግሪው ምን ያህል እንደሚጨምር ተመልከቱ። በድሮ ሞተሮች ላይ ጠቅላላው ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 36 ዲግሪ መካከል ነው። ዙር ሲጨምር ምልክቱ ከቦታው ካልተነቃነቀ በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያሉት ክብደቶች ዝገው ተጣብቀዋል ማለት ነው፤ ፈታችሁ አጽዱና በቀጭን ዘይት አለስልሷቸው። ይህች ትንሽ ሥራ የምታመጣው ለውጥ ከአዲስ ማርሚታ ይበልጣል።

በመጨረሻ ዳገት ላይ በከፍተኛ ማርሽ በዝቅተኛ ዙር ሙሉ ነዳጅ ስጡ። ጠጠር የሚያንቃጭል የመሰለ የብረት ድምፅ ከሰማችሁ ፔዳሉን ወዲያው ልቀቁና ማብሪያውን 2 ዲግሪ አዘግዩ። ያ ድምፅ ቤንዚኑ ከጊዜው በፊት እየፈነዳ ፒስተኑን እየመታ መሆኑን ይናገራል፤ ከቀጠለ ፒስተን ይበሳል።

ለኩና ጻፉ

አሁን መነሻችሁን ለኩ። ለትራፊክ በተዘጋ ጠፍጣፋ ቦታ በሦስተኛ ማርሽ ከ40 ወደ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመድረስ የሚፈጀውን ጊዜ ያዙ። በሁለቱም አቅጣጫ ሞክሩና አማካዩን ውሰዱ፤ ነፋስና ያልታየ ዳገት ይሰረዛሉ። የታንከሩ ቤንዚንና በመኪናዋ ውስጥ ያለው ሰው ብዛት ሁልጊዜ አንድ ይሁን። ቀኑን፣ የአየሩን ሙቀትና የቦታውን ከፍታም ጻፉ። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከባሕር ጠለል በላይ በወጣ ቁጥር በየ1000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ጉልበቱን ያጣል፣ አየሩ ስለሚሳሳ። ደጋ ላይ የተለካውን ቆላ ላይ ከተለካው ጋር ማወዳደር ያሳስታል።

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ሦስት ነገር አንድ ላይ የቀየረ ሰው የቱ እንደጠቀመው፣ የቱ እንደጎዳው አያውቅም።

ፍሬን

ፍሬን የሚያጠፋው ኃይል በፍጥነቱ ሁለተኛ ርቢ ስለሚጨምር ከ80 ይልቅ ከ100 ለመቆም ከ50 በመቶ በላይ ተጨማሪ ኃይል ወደ ሙቀት መለወጥ አለበት። መኪናዋን ትንሽ ስታፈጥኑ ፍሬኑ ላይ የሚወድቀው ጭነት በዚያው ልክ ሳይሆን ከዚያ አልፎ ይጨምራል።

ከፍሬን ዘይቱ ጀምሩ። ተራው ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል፣ እርጥበት የጠጣ ዘይት ደግሞ ቶሎ ይፈላል፤ የፈላ ዘይት ፔዳሉን እስከ ወለሉ ያወርደዋል። ዶት 4 (ዶት የፍሬን ዘይት ደረጃ መጠሪያ ነው) ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ አይፈላም፣ እርጥበት ሲጠጣ ግን ይህ ወደ 155 ይወርዳል። ለዶት 3 ቁጥሮቹ 205 እና 140፣ ለዶት 5.1 ደግሞ 260 እና 180 ናቸው። ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ ቀይሩ። ዶት 5 የሚባለው ሲሊኮን ሲሆን ከሌሎቹ ጋር በፍጹም አይቀላቀልም፤ የስሙ መመሳሰል አያሳስታችሁ።

የጎማ ቱቦዎቹን ቀይሩ። ሃያ ዓመት ያለፈው ቱቦ ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ ያብጣል፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ግፊቱ ፍሬኑ ጋር ከመድረስ ይልቅ ቱቦውን ይነፋዋል። ከዚያ ዲስኩን ለኩ፣ በጎኑ ከተጻፈው ዝቅተኛ ውፍረት በታች ከሆነ ይጣል። የኋላ ታምቡር ያላት መኪና ታምቡሩ ንጹህና በትክክል የተስተካከለ ከሆነ ለብዙ ሥራ ይበቃታል፤ ወደ ዲስክ ለመቀየር አትቸኩሉ። አየር ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ ከዋናው ፓምፕ በጣም ከሚርቀው ጎማ ይጀመራል፣ በሰያፍ የተከፈለ መስመር ያላቸው መኪኖች ግን የራሳቸው ተራ አላቸውና መጽሐፉን እዩ።

አዲስ ሸራ ሲገባ ማለማመድ ያስፈልጋል። ባዶ መንገድ ላይ ከ60 ወደ 15 ገደማ አሥር ጊዜ ያህል በመጠነኛ ኃይል አቀዝቅዙ፣ ሙሉ በሙሉ ሳትቆሙ። ከዚያ ፍሬን ሳትይዙ እየነዳችሁ አቀዝቅዙት።

የፊቱን ፍሬን ለማሳደግ ከወሰናችሁ የተሻለው ምንጭ የመኪናችሁ ታላቅ እህት ናት፤ በዚያው ሞዴል ትልቅ ሞተር የነበራት። ዕቃው ብዙ ጊዜ ሳይቆረጥና ሳይበየድ ይገጥማል። የፊትና የኋላው ሚዛን እንዳይዛባ ግን ተጠንቀቁ፦ ከፊቱ ጎማ ቀድሞ የሚቆልፍ የኋላ ጎማ መኪናዋን ያሾራታል።

ጎማና ሞላ

መኪናዋ ከመሬት ጋር የምትገናኘው በአራት መዳፍ በሚያህሉ ቦታዎች ብቻ ነው። ጥሩ ጎማ ማፍጠንንም፣ መቆምንም፣ መታጠፍንም በአንድ ጊዜ ያሻሽላል፤ ይህን የሚያደርግ ሌላ ዕቃ የለም። በጎማው ጎን ያለውን ባለ አራት አሃዝ ቁጥር አንብቡ። 2319 ማለት በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም አሥር ዓመት ያለፈው ጎማ ላስቲኩ ደርቋልና ይወገድ።

ቸርኬ ስትቀይሩ የጎማው ጠቅላላ ቁመት እንዳይለወጥ አስሉ። 175/70 አር 13 ጎማ 575 ሚሊ ሜትር ገደማ ቁመት አለው፣ 185/60 አር 14 ደግሞ 578 ገደማ። ልዩነቱ ከግማሽ በመቶ በታች ስለሆነ የፍጥነት መለኪያው አይዋሽም። ከዚያ በላይ እያሳደጋችሁ ስትሄዱ ቸርኬው ይከብዳል፣ የደከመ ሞተር ያላት መኪናም የባሰ ትዘገያለች። ለመልክ ብቻ የሚገባ ትልቅ ቸርኬ ለዚች መኪና ጠላቷ ነው።

ከሞላ በፊት ጎሚኒዎቹን (በመገጣጠሚያዎቹ ያሉትን ላስቲኮች)፣ ቴስቲናዎቹን (ባለ ኳስ መገጣጠሚያዎቹን) እና ኩሽኔታዎቹን (ጎማው የሚዞርባቸውን) ቀይሩ። ያረጁ ጎሚኒዎች ባሉበት የሚገባ ጠንካራ ሞላ ገንዘብ ማባከን ነው፤ ጎማው ወደፈለገበት ይሄዳል። ከዚያ ጥሩ ሾክ አብዞርበር፣ ከፈለጋችሁ ደግሞ እስከ 30 ሚሊ ሜትር ዝቅ የሚያደርግ፣ ለመኪናችሁ የተሠራ ሞላ። ያለውን ሞላ በመጋዝ መቁረጥ አይሞከር፦ ከመቀመጫው ይወጣል፣ ሾክ አብዞርበሩም ጫፍ እየደረሰ ይሰበራል።

በመታጠፊያ ላይ መኪናዋ እንዳትጋደል የሚይዘው ዘንግ ትንሽ ሲወፍር ብዙ ይጠነክራል፤ ጥንካሬው በውፍረቱ አራተኛ ርቢ ስለሚጨምር ከ18 ወደ 20 ሚሊ ሜትር መሄድ ብቻውን 50 በመቶ ገደማ ያጠነክረዋል። በፊት ጎማዋ የምትሄድ መኪና ስትታጠፍ ወደ ውጭ የመሄድ ጠባይዋ የኋላው ዘንግ ሲወፍር ይቀንሳል፣ ዝናብ ላይ ግን ኋላዋ ሊያመልጥ ይችላልና በትንሽ በትንሹ ጨምሩ። ሁሉም ሲያልቅ አላይመንት (የጎማዎቹ አቅጣጫ ማስተካከያ) ይሠራ።

የጎማውን ነፋስ ለመምረጥ ቀላል ዘዴ አለ፦ የጎማውን ትከሻ በጠመኔ ቀቡና በተዘጋ ሜዳ ላይ ጥቂት ጠንካራ መታጠፊያዎችን ንዱ። ጠመኔው እስከ ጎኑ ድረስ ከጠፋ ነፋሱ ያንሳል፤ መሬት የሚነካው የጎማው ክፍል ዳር ላይ እንኳ ካልጠፋ በዝቷል።

ክብደት

950 ኪሎ የምትመዝን ባለ 75 ፈረስ ጉልበት መኪና ለእያንዳንዱ ፈረስ 12.7 ኪሎ ትጎትታለች። 50 ኪሎ ብታወጡላት ይህ ወደ 12 ይወርዳል። ያንኑ ውጤት በሞተር ለማግኘት ከ4 የፈረስ ጉልበት በላይ መጨመር አለባችሁ፣ ክብደቱ ግን በነጻ ይወጣል፤ ፍሬኑንና ጎማውንም ያሳርፋል። ሻንጣ ክፍሉን ባዶ አድርጉ፣ የማይሠራውን የድምፅ ማጉያና ከባድ መያዣዎችን አውጡ። ቀበቶ፣ የራስ መደገፊያ፣ በሮች ውስጥ ያለ ብረትና ኤርባግ አይነኩም። ቤተሰብ የሚሳፈርባት ከሆነች የኋላ ወንበሩም ይቆይ።

ሞተር

እዚህ ስትደርሱ መኪናዋ ጤነኛ ናት፣ ትቆማለች፣ ትታጠፋለች። አሁን ሞተሩ ይገባዋል።

አየር ማስገቢያው ቀዝቃዛ አየር ከፊት እንዲያገኝ አድርጉ፤ ከራዲያተሩ ጀርባ የሚጠባ ክፍት ፊልትሮ የሚያስገባው የሞቀ አየር ነው፣ የሞቀ አየር ደግሞ ቀጭን ነው። የፋብሪካው ሳጥን ከጥሩ ፊልትሮ ጋር ብዙ ጊዜ ይሻላል። ጭሱን የሚሰበስበው የብረት ቱቦና ማርሚታው ቢቀየሩ የሚገኘው ጥቂት በመቶ ነው፤ ከልክ በላይ የሰፋ ቱቦ ደግሞ በዝቅተኛ ዙር ያለውን ቶርክ (የማዞር ኃይል) ያዳክማል።

አየሩ ሲጨምር ቤንዚኑም መስተካከል አለበት። ለንጹህ መቃጠል 14.7 እጅ አየር ለ1 እጅ ቤንዚን ያስፈልጋል፤ ሙሉ ጉልበት የሚገኘው ግን ቤንዚኑ ትንሽ ሲበዛ፣ ከ12.5 እስከ 13 ለ1 አካባቢ ነው። በካርቡሬተር ላይ ይህ የሚስተካከለው ቀዳዳ ያላቸውን ትንንሽ የነሐስ ዕቃዎች በመቀየር ነው፤ በዓይን ግምት ሳይሆን በጭስ ቱቦው ላይ በሚገጠም የኦክስጅን መለኪያ ሥሩት። ቤንዚን ያነሰው ሞተር ሙሉ ጉልበት ላይ ሳይታወቅ ይቃጠላል።

ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍት ዘንግ) መቀየር ፈታኝ ውሳኔ ነው። የእሽቅድምድም ካምሻፍት ጉልበቱን ወደ ላይኛው ዙር ይወስደዋል፤ ከተማ ውስጥ ከ3000 ዙር በታች የምትነዳ መኪና ከበፊቱ የባሰች ትሆናለች። ለቤት መኪና ከፋብሪካው ትንሽ ከፍ ያለውን ምረጡ። ቴስታታውን በማሽን አስፍቆ መጭመቂያውን ከፍ ማድረግ ጥሩ ውጤት አለው፣ ነገር ግን ከፍ ያለ ኦክቴን ያለው ቤንዚን ያስፈልገዋልና ልምድ ላለው የሞተር ቤት ስጡት።

ከዚህ ሁሉ ጋር ሲወዳደር ሙሉ ሞተር መቀየር ብዙ ጊዜ ይረክሳል። በ1980ዎቹና በ90ዎቹ የቶዮታ ኮሮላ ላይ የነበረው 4ኤ-ኤፍኢ እና የስፖርቱ 4ኤ-ጂኢ አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ሁለቱም 1587 ሲሲ። እንዲህ ያለ ዘመድ ሞተር ሲገባ መቀመጫውና ካምቢዮው የመግጠም ዕድላቸው ሰፊ ነው፣ የኤሌክትሪክ ገመዱንና ኮምፒውተሩን ግን አብራችሁ ከአንዲት መኪና ውሰዱ። ቱርቦ ላልተሠራበት የድሮ ሞተር ቱርቦ መግጠምን አልመክርም፤ ፒስተኑ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ቤንዚኑና ማቀዝቀዣው ሁሉ አብረው መቀየር አለባቸው።

ብዙዎች የሚረሱት የዲፈረንሻሉ (ዙሩን ቀንሶ ለጎማዎቹ የሚያስተላልፈው) የጥርስ ምጥጥን ነው። ከ3.9 ወደ 4.3 ሲቀየር ጎማው ላይ የሚደርሰው ቶርክ በእያንዳንዱ ማርሽ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፣ ሞተሩ ሳይነካ። ለዚህ የሚከፈለው በረጅም መንገድ ላይ ሞተሩ በዚያው መጠን በፍጥነት መዞሩና ቤንዚን መጨመሩ ነው። ዳገት ለሚበዛበት አካባቢ ይህን ከካምሻፍት አስቀድማለሁ።

ከገጠማችሁ በኋላ

የመጀመሪያው ጉዞ አጭርና በዝግታ ይሁን። ተመልሳችሁ ከሥር ዘይት፣ ውሃና ቤንዚን እንደማይንጠባጠብ እዩ። ከ50 ኪሎ ሜትር በኋላ የቸርኬ ዳዶዎቹን በቶርክ ሬንች ደግማችሁ አጥብቁ። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ የማርሚታውን መያዣዎችና የሞላውን ብሎኖች ፈትሹ፤ ቴስታታው ወርዶ ከነበረ የቫልቭ ክፍተቱን እንደገና ለኩ፣ ዘይቱንና የዘይት ፊልትሮውን ቀይሩ፣ ካንዴላዎቹንም አውጥታችሁ ቀለማቸውን አንብቡ። ፍጥነቷን መሞከር ስትፈልጉ የተዘጋ ሜዳ ወይም የእሽቅድምድም መስክ ፈልጉ፣ ሄልሜት አድርጉ። ከዚያ ያንኑ የ40 ወደ 80 ልኬት በዚያው ቦታ፣ በሁለቱም አቅጣጫ ድገሙና ከመጀመሪያው ቁጥር ጎን ጻፉት።